ዮሐንስ አፈወርቅ የድኾች መልእክተኛ

የቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ በዓል ሲከበር የታነጸውን ሕንጻ፥ የተሰጠውን ንዋየ ቅድሳት፥ የደከሙትንም ሰዎች አስቦ እግዚአብሔርን ማመስገን የተገባ ነው። እኛ ግን በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ በተሰጠን ቦታ ከቀደሙት አባቶች የአንዱን ሕይወት ልንጽፍ ወደድን። እርሱም በወርቅና በዕብነ በረድ ባጌጠች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ በደጅዋ ስለ ተቀመጠው ድኻ ሳይታክት የተናገረ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። አፈወርቅ የሚባለው ስም ስለ ትምህርቱ ጣዕም በኋላ ዘመን የተሰጠው ነው፤ በሕይወቱ ሳለ ዮሐንስ ብቻ ይባል ነበረ። ካህናቶቻችን ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ እንደሚጠራ ያውቃሉ፤ ምእመናንም ስሙን ሲጠራ ይሰማሉ። የኑሮውን ታሪክና ስለ ድኾች የተሸከመውን መከራ የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዮሐንስ በ349 ዓ.ም. ገደማ በሶርያ አገር በአንጾኪያ ተወለደ። አንጾኪያ ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉባት ከተማ ናት። በዚያም ዘመን በምሥራቅ ከሚገኙት ከተሞች እጅግ ከበለጸጉት አንዲቱ ነበረች፤ ዋናው መንገድዋ በግራና በቀኝ በዐምዶች የተሸለመ፥ በሌሊትም በፋና የሚበራ ነበረ። አባቱ ሴኩንዱስ በጦር ሹማምንት መሥሪያ ቤት ታላቅ ማዕርግ የነበረው ሰው ሲሆን፥ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በሃያ ዓመትዋ መበለት ሆነች፤ ሁለተኛም ባል አላገባችም፤ ሀብትዋን ጠብቃ ልጅዋን በትምህርት አሳደገች። በዚያን ጊዜ በአንደበተ ርቱዕነት ስሙ ከገነነው ከአረማዊው መምህር ከሊባንዮስ ዘንድ ንግግርን ተማረ። እንግዲህ ዮሐንስ ድኽነትን በቤቱ አላየውም፤ ከባለጠጎች ወገን ተወልዶ፥ የባለጠጎችን ቋንቋ ተምሮ ያደገ ሰው ነው። ኋላም ባለጠጎችን ሲገሥጽ ቤታቸውን፥ ገበታቸውንና አልጋቸውን በዝርዝር ያውቅ ስለ ነበረ ነገሩ ያማቸው ነበረ።

ከተጠመቀ በኋላ ወደ ተራራ ወጥቶ አራት ዓመት ከአንድ አረጋዊ መነኵሴ ጋር፥ ሁለት ዓመትም ብቻውን በዋሻ ተቀመጠ። በጾምና በትጋት ብዛት ሆዱና ኵላሊቱ ታመሙበት፤ ደዌውም እስከ ሞቱ ድረስ አልተወውም። ስለዚህ ወደ ከተማው ተመለሰ። በ381 ዓ.ም. ዲቁና፥ በ386 ዓ.ም. ቅስና ተሾመ። በዚያ ዘመን የዲያቆን ሥራ በመቅደስ ማገልገል ብቻ አልነበረም፤ ምጽዋትን ማከፋፈል፥ ድኾችንና በሽተኞችን መጐብኘት ጭምር ነበረ። ስለዚህ ዮሐንስ ወደ ማስተማሪያው ሰገነት ከመውጣቱ በፊት አምስት ዓመት በዚህ አገልግሎት ኖረ።

ቅስና በተሾመ በዓመቱ በ387 ዓ.ም. አዲስ ግብር ስለ ተጣለ የአንጾኪያ ሕዝብ ታወከ፤ የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ገልብጦ ጐተተ። ከተማይቱ የንጉሥን ቍጣ በመፍራት ስትንቀጠቀጥ፥ ሽማግሌው ኤጲስ ቆጶስ ፍላብያኖስ ምሕረት ለመለመን ወደ ቍስጥንጥንያ ሄደ፤ ዮሐንስም ዐቢይ ጾምን ሙሉ እያስተማረ ሕዝቡን አጽናና። ንጉሡም ይቅር አለ። ዮሐንስ በአገሩ ሁሉ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ቀን በክረምት በገበያው መካከል አልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በመንገዱ ላይ የተኙትን ድኾች አየ። አንዳንዶቹ እጃቸው የተቈረጠ፥ አንዳንዶቹ ዐይናቸው የጠፋ፥ አንዳንዶቹም ገላቸው በቍስል የተበላ ነበሩ። እንደ ደረሰም ስለ እነርሱ ለመናገር ተነሣ፤ ራሱንም ከከተማው ድኾች የተላከ መልእክተኛ አድርጎ ለጉባኤው አቀረበ። በዚህ ትምህርቱ እጅግ የሚያስደንቀው ስለ ድኽነት ምክንያት አስቦ መናገሩ ነው። በበጋ ድኻ ያለ ልብስ ሊያድር ይችላል፤ ፀሓይ ታሞቀዋለች፤ ቤት ሠሪውም፥ ገበሬውም፥ መርከበኛውም ጕልበቱን ፈልገው ይቀጥሩታል። በክረምት ግን ልብስና ምግብ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ሆኖ ሳለ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ቀጣሪ በጠፋ ጊዜ የሚመጸውት ሰው በቀጣሪ ፈንታ እንዲቆም ለመነ። ሰው በስንፍናው ደኸየ የሚለው ነገር በዚያ ዘመንም በባለጠጎች አፍ የተለመደ ነበረና፥ ዮሐንስ የዓመቱን ወራት ቈጥሮ መለሰላቸው።

ሌላም ነገር ነበረ፤ ለመጻፍም የሚከብድ ነው። በመንገድ የሚለምኑ ሰዎች ጩኸታቸውንና ልመናቸውን የሚሰማ ስላጡ፥ አላፊ አግዳሚው ቆሞ እንዲመለከታቸው ልዩ ልዩ ትርኢት ያደርጉ ነበረ። አንዱ ያረጀ ጫማ ቈዳ ያኝካል፤ አንዱ የሾለ ምስማር በራሱ ላይ ይተክላል፤ አንዱም በበረደ ውሃ ውስጥ ራቁቱን ይገባል። የባሰውም ልጆቻቸውን ዐይን አሳውረው የሚለምኑ ነበሩ። ሕዝቡም በዚህ ሲስቅና ሲደነቅ ገንዘብ ይጥልላቸው ነበረ። ዮሐንስ ይህን ሲናገር ለማኞቹን አልገሠጸም፤ በደሉን ያደረገው የተራበውን በራቡ ብቻ ሊረዳው ያልወደደ፥ ትርኢት ካላየ እጁን የማይዘረጋ ተመልካች እንደ ሆነ አስረዳ እንጂ። ማታለል ቢኖር እንኳ ያስተማረው የባለጠጋው ጭካኔ ነው ሲል ፈረደ።

በአገራችን ቋንቋ ለማኙ የኔ ቢጤ ይባላል። ይህን ስም ያወጣው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ነገር ግን ዮሐንስ በብዙ ትምህርት የደከመበት ነገር በእርሱ ውስጥ አለ፤ ስሙን የሚጠራው ሰው ሁሉ ባያስተውለውም ለማኙን አቻው እንደ ሆነ መመስከሩ ነው። ዮሐንስም ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር ባስተማረው ተከታታይ ትምህርት፥ የባለጠጋው ኃጢአት አልዓዛርን መምታቱ ወይም ገንዘቡን መቀማቱ እንዳልነበረ አመለከተ። በደጁ ተኝቶ ሳለ በየቀኑ ሲወጣና ሲገባ እያየው እንዳላየ ማለፉ ነው። ከዚህም አልፎ ከሚያስፈልገው በላይ ያለውን ገንዘብ ለተቸገረ ያላካፈለ ሰው የሌላውን ገንዘብ እንደ ቀማ ይቈጠራል ብሎ አስተማረ። ባለጠግነትን በራሱ እንደ ኃጢአት አልቈጠረውም፤ ባለጠጋውን ግን የድኾችን ገንዘብ በአደራ እንደ ተቀበለ መጋቢ አየው። ለማኙ ማን እንደ ሆነ፥ ከየት እንደ መጣ፥ ስለ ምን ሥራ እንደ ፈታ እየመረመሩ መስጠትንም ነቀፈ፤ አብርሃም እንግዶቹን ሳይመረምር ስለ ተቀበለ መላእክትን አገኘ።

ዮሐንስ በስብከት ብቻ የሚበቃው ሰው አልነበረም፤ ሒሳብም ይወድ ነበረ። የአንጾኪያን ሕዝብ ከፋፍሎ ሲገምት ከዐሥር አንዱ እጅ ባለጠጋ፥ ከዐሥር አንዱ እጅ ምንም የሌለው ድኻ፥ የቀረው ግን መካከለኛ ኑሮ ያለው ነው አለ። እንግዲህ ድኾቹን ለሌሎቹ ቢያካፍሏቸው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሸክም እጅግ ቀላል መሆኑን አሳየ። ደግሞም የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ገቢ ከታናናሾቹ ባለጠጎች የአንዱን ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ በየቀኑ 3000 መበለቶችንና ደናግልን ትመግብ ነበረ፤ እስረኞችን፥ በሽተኞችን፥ መንገደኞችንም ትረዳ ነበረ። ዐሥር ሰዎች ብቻ እንዲሁ ቢያደርጉ በከተማይቱ ድኻ ባልተገኘ ነበረ ብሎ አሰበ። ግምቱ ልክ መሆኑን ዛሬ መመርመር አይቻልም። ነገር ግን ድኽነት መለኪያ የሌለው ባሕር ነው እየተባለ ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ በተቀመጠበት ዘመን፥ ቍጥሩን አውጥቶ በመቅደስ ማንበብ ታላቅ ድፍረት ነበረ።

አሁን ለኢዮቤልዩ መጽሐፍ የማይመች ወደሚመስለው ነገር ደርሰናል። በአገራችን ምእመናን በስእለት ጃንጥላ፥ ምንጣፍ፥ መጋረጃ፥ ጽዋዕና መስቀል ለቤተ ክርስቲያን ማግባታቸው የተመሰገነ ልማድ ነው። በአንጾኪያም እንዲሁ ይደረግ ነበረ። ዮሐንስ የሰጡትን አልከለከለም፤ የተሰጠውንም ጣሉ አላለም። ተራውን ግን ገልብጠውት ስላገኘ አስተካከለው። በመቅደስ ውስጥ ለክርስቶስ የወርቅ ጽዋ አቅርበው በውጭ በተጠማ ሰው አካል አንድ ጽዋ ውሃ ከከለከሉት፥ ገበታውን በወርቅ ግምጃ ሸፍነው በብርድ የሚንቀጠቀጠውን ካላለበሱት፥ ክብሩ ክብር ሊሆን እንደማይችል አስረዳ። መጀመሪያ የተራበውን ማጥገብ፥ ከዚያ በተረፈው ገበታውን ማስጌጥ ይገባል አለ። ንዋየ ቅድሳትን ባለመስጠት የተፈረደበት ሰው እንደሌለ፥ የተራበውን ስላላበሉ ግን ገሃነም እንደ ተዘጋጀ ከወንጌል አስታወሰ። ይህን ትምህርት የሰሙት የአንጾኪያ ባለጠጎች ደስ እንዳልተሰኙ መገመት አያስቸግርም፤ ስማቸው የተጻፈበት ዕቃ በመቅደስ ሲታይ ክብር ያገኛሉና፤ ለድኻ የሰጡት እንጀራ ግን ያን ቀን ተበልቶ ያልቃል።

ለመካከለኛውም ኑሮ ላለው፥ ይልቁንም ጥቂት ለሚያገኝ ሠራተኛ የሚሆን ነገር አላጣም። ሰው ሁሉ በቤቱ በሚጸልይበት ቦታ ታናሽ ሙዳየ ምጽዋት እንዲያኖር፥ ለጸሎትም ሲነሣ አስቀድሞ የሚችለውን ያህል እንዲጨምርበት መከረ። ከሥራው ትርፍም ለእግዚአብሔር የሚሆነውን ክፍል እንዲለይ ነገረው። ደግሞ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ለእንግዳ የሚሆን አንዲት ክፍል ከአልጋዋ፥ ከገበታዋና ከመብራትዋ ጋር አዘጋጅቶ የክርስቶስ ክፍል እንዲላት ለመነ። የቤተ ክርስቲያን የእንግዳ መቀበያ ስላለ እኔ ምን አገባኝ የሚለውን ምክንያት አልተቀበለም፤ ካህናት ስለ ጸለዩ ምእመናን ጸሎት እንደማይቀርላቸው ሁሉ ይህም አይቀርላቸውም አለ። በአገራችን በመሸበት ቤት የሚያድረውን መንገደኛ የእግዜር እንግዳ የሚሉ ሽማግሌዎቻችን ይህ አሳብ እንግዳ አይሆንባቸውም።

በ397 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ኔክታርዮስ ሞተ። ለመንበሩ ብዙዎች ሲሽቀዳደሙ የንጉሡ የአርቃድዮስ ባለሟል ጃንደረባው ኤውትሮጵዮስ ዮሐንስን መረጠ። የአንጾኪያ ሕዝብ እንዳይታወክ በምስጢር ከከተማ አስወጥተው በሠረገላ ወሰዱት፤ በየካቲት ወር 398 ዓ.ም. ተሾመ። የሾመውም የራሱን ሰው ለመሾም ይፈልግ የነበረው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ ነበረ፤ ሳይወድ በግድ ፈጸመው።

ዮሐንስም በሌሎች ቤት ላይ ያስተማረውን በራሱ ቤት ጀመረ። የመጋቢውን የሒሳብ መዝገብ አስቀርቦ መረመረ፤ ለቤተ ክርስቲያን የማይጠቅመውን ወጪ አቆመ። ቀጥሎ የሊቀ ጳጳሳቱን ቤት ወጪ ተመለከተ፤ እጅግ የበዛ ሆኖ ስላገኘው ለሕሙማን ቤት እንዲሰጥ አዘዘ። ይህም ስላልበቃ ሌሎች የሕሙማን ቤቶች ሠራ፤ ሁለት ደጋግ ካህናት ሾመባቸው፤ ሐኪሞችን፥ ወጥ ሠሪዎችንና አስታማሚዎችን መደበ። ኔክታርዮስ ለአናስጣስያ ቤተ ክርስቲያን ጌጥ ያዘጋጀውንም ዕብነ በረድ ሸጠ። ግብርና ድግስ አስቀረ፤ ሆዱ በሽተኛ ስለ ነበረ ጥቂት ምግብ ብቻውን ይበላ ነበረ። ከዚህ ቀደም በመንበሩ ቤት ይጋበዙ የነበሩት ጳጳሳትና መኳንንት ይህን ይቅር አላሉትም። በ401 ዓ.ም. ወደ ኤፌሶን ሄዶ ሹመታቸውን በገንዘብ የገዙ ስድስት ጳጳሳትን ሻረ። በዚህም ጠላቶቹ በዙ። እውነቱን ለመናገር ዮሐንስ ንግግሩ የሚቈርጥ፥ ነገርን ማለዘብ የማይችል ሰው ነበረ፤ በአደባባይ የሚገሥጻቸው ሰዎች በጓዳ ምን እንደሚዶልቱ አያስብም ነበረ። የባለጠጎች ሴቶች ለሌሊት ዕቃ እንኳ ብር መጠቀማቸውን በቤተ ክርስቲያን ሲነቅፍ፥ የተቀመጡት ሁሉ የማን ቤት እንደ ሆነ ያውቁት ይሆናል።

ከወዳጆቹ የምትበልጠው ዲያቆናዊት ኦሎምፒያስ ናት። ገና በወጣትነትዋ መበለት የሆነች፥ እጅግ ብዙ ርስትና ወርቅ የወረሰች ሴት ነበረች። ለለመናት ሁሉ፥ ለባለጠጎች ጳጳሳት ሳይቀር ትሰጥ ነበረ። ዮሐንስም ልግሥናዋን አመስግኖ አሠራርዋን አቀናላት፤ ለማይቸገር ሰው መስጠት ሀብትን ወደ ባሕር እንደ መጣል ነው፤ ሀብትሽን ለድኾች ስላሰብሽው የሌሎች አደራ ሆኖአል፤ ስለዚህ በችግራቸው መጠን ስጪ አላት። ከእርስዋ ገንዘብ ይቀበሉ የነበሩ ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊቀ ጳጳሳቱን ጠሉት።

በዚሁ ከተማ የሐዋርያትን ሥራ ሲተረጕም ደግሞ ወደ ሒሳቡ ተመለሰ። በቍስጥንጥንያ 100000 ያህል ክርስቲያኖች እንዳሉ፥ ድኾቹም ከ50000 እንደማይበልጡ ገመተ። በኢየሩሳሌም እንደ ነበሩት የመጀመሪያዎቹ ምእመናን ሁሉም ያለውን ቢያዋጣ ምን ያህል ወርቅ እንደሚሰበሰብ አሳየ። ዐሥር ልጆች ያሉት ቤት ልጆቹን ቢበትን ዐሥር ቤት፥ ዐሥር ገበታ፥ ዐሥር አገልጋይ ያስፈልገዋል፤ አብረው ቢበሉ ግን ወጪው ያንሳል። ነገሩን በቃል ብቻ እየሣለ መሆኑን ገልጦ ማንም እንዳይደነግጥ ጨመረበት። ሆኖም መደንገጣቸው አልቀረም።

ንግሥት አውዶክስያ መጀመሪያ ወዳጁ ነበረች፤ በኋላ ግን የሚናገረው ሁሉ ስለ እርስዋ ይመስላት ጀመር። በኋላ የተጻፉ ገድሎች የአንዲትን መበለት የወይን ቦታ ስለ ወሰደች እንደ ገሠጻት ይተርካሉ። በ403 ዓ.ም. ቴዎፍሎስ ከግብፅ ጳጳሳት ጋር መጥቶ በኬልቄዶን አጠገብ ዛፈ ባሉጥ በሚባል ስፍራ ጉባኤ አደረገ። ከክሱም መካከል የቤተ ክርስቲያንን ዕቃና ዕብነ በረድ ሸጠ፥ ገቢውም የት እንደ ገባ አይታወቅም፥ ብቻውን ይበላል የሚሉ ነበሩ። እስክንድርያ እናት መንበራችን ሆና ስለ ኖረች ይህን መጻፍ ለእኛ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የሆነው ይህ ነው። በኋላ ዘመን እስክንድርያ ራስዋ ስሙን ከቅዱሳን ጋር ጽፋ አክብራዋለች።

ጉባኤው ሻረው፤ ተሰደደ፤ ወዲያው በቤተ መንግሥት ድንጋጤ ስለ ወደቀ መለሱት። ዳሩ ግን ወራት ሳያልፉ ከሐግያ ሶፍያ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የንግሥቲቱ የብር ሐውልት በዐምድ ላይ ቆመ፤ ለምረቃውም ዘፈንና ጭፈራ ሆነ። ዮሐንስ ጩኸቱ ቅዳሴውን ማወኩን ነቀፈ። በዚህ ምክንያት ጠቡ ታደሰ። ብሩ የት እንደ ደረሰ የለም፤ የሐውልቱ መሠረት ድንጋይ ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ተቈፍሮ ተገኝቶአል። በሰኔ 404 ዓ.ም. ዮሐንስ ለሁለተኛ ጊዜ ተጋዘ። በዚያው ሌሊት ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠለ፤ ወዳጆቹም በሐሰት ተከሰው ታሰሩ፤ ኦሎምፒያስም ገንዘብ ከፍላ ተሰደደች። ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ሞተች።

የተጋዘበት ስፍራ በአርመን ተራራዎች መካከል ያለች ኩኩሶስ የምትባል ታናሽ ከተማ ናት። ብርዱ ሕመሙን አባሰበት፤ ኢሳውርያን የሚባሉ ወንበዴዎችም አገሩን ይዘርፉ ነበረና በክረምት እየሸሸ ወደ አራቢሶስ ምሽግ መግባት ግድ ሆነበት። ከዚያ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ብዙዎች ዛሬም ይገኛሉ፤ 17ቱ ለኦሎምፒያስ የተላኩ ናቸው። ወዳጆቹም ለኑሮው ብዙ ገንዘብ ይልኩለት ነበረ። እርሱ ግን በዚያ ገንዘብ ወንበዴዎች የማረኳቸውን ሰዎች እየተቤዠ ወደ ቤታቸው ይልክ፥ የተቸገሩትንም ይረዳ ነበረ። መንበርና ሀገረ ስብከት ባልነበረው ጊዜ ያደረገው ይህ ነው፤ ሥልጣኑ ሲወሰድ ሥራው አልተወሰደም።

ሕዝብ ከሩቅ ወደ እርሱ መጕረፉን ጠላቶቹ ስላልወደዱ በ407 ዓ.ም. በጥቍር ባሕር ምሥራቅ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ፒጥዩስ እንዲወሰድ ታዘዘ። ወታደሮቹ በፀሓይና በዝናም ሦስት ወር ያህል በእግር ነዱት። በጶንጦስ ኮማና አጠገብ በሰማዕቱ በባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ኃይሉ አለቀ። የለበሰውን ለውጦ ነጭ ልብስ ለበሰ፤ የቀረውን በአጠገቡ ላሉት አካፈለ፤ ሥጋውንና ደሙን ተቀብሎ ስለ ሁሉ ነገር እግዚአብሔርን አመሰገነና መስከረም 14 ቀን 407 ዓ.ም. ዐረፈ።

በ438 ዓ.ም. የአውዶክስያ ልጅ ንጉሥ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ዐፅሙን ወደ ቍስጥንጥንያ አስመጣ። ሕዝቡ በመርከብና በታንኳ ባሕሩን ሞልቶ በፋና ተቀበለው። ንጉሡም ፊቱን በሣጥኑ ላይ አድርጎ፥ ወላጆቹ ሳያውቁ ስላደረጉት በደል ይቅርታ ለመነ። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን የዐፅሙን ፍልሰት ግንቦት 12 ቀን ታስባለች።